በቀቀኗን ፈርተን ብናኙን ረሳነው

ቤታችሁ ወፍ የምታሳድጉ ከሆነ ይህ ጥያቄ አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም፦ «ይቺ ወፍ በሽታ ታስይዘን ይሆን?» የማይለቅ ሳል የያዘው ልጅ፣ ላባዋን ነፍታ የተኮራመተች በቀቀን፣ ወይም በስልክ የተላከ አስፈሪ ቪዲዮ፤ ከሦስቱ አንዱ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «ዛሬውኑ ከቤት ትውጣ» ይላል። ሌላው «ኧረ ተዉ፣ ወሬ ነው» ብሎ ይስቃል።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። ከ90 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ አሜሪካ ውስጥ አገር ምድሩ በዚሁ ጥያቄ ተናውጦ ነበር። ያን ጊዜ በደንብ ከተረኩ ጽሑፎች አንዱ የታሪክ ምሁሯ ጂል ሌፖር በ2009 በኒውዮርከር መጽሔት ላይ ያወጡት «እየተሰራጨ ነው» የሚል መጣጥፍ ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መጣጥፉ የወጣው የአሳማ ጉንፋን ዓለምን ባስጨነቀበት ሰሞን ስለነበር፣ ከጀርባው ያለው ጥያቄ «ለመሆኑ ምን ያህል እንፍራ?» የሚል ነው። እኔ ሐኪምም የታሪክ ምሁርም አይደለሁም፤ የማጠናው በቤት ውስጥ አየር ላይ ስለሚንሳፈፍ ብናኝ ነው። መጣጥፉን ያነበብኩትም በዚያው ዓይን ነው። ጥሩ ጽሑፍ ነው። ግን አንባቢውን ከሁለቱ ወገን ወደሚስቀው ገፍቶ ይተወዋል፤ ቅሬታዬም እሱ ላይ ነው።

ታሪኩ በአጭሩ

በ1929 መጨረሻ ሜሪላንድ ውስጥ በአናፖሊስ ከተማ አንድ ሰው ለሚስቱ የገና ስጦታ እንዲሆን በቀቀን ይገዛል። ወፏ ታማ ትሞታለች። ብዙም ሳይቆይ ከቤተሰቡ ሦስት ሰዎች ከባድ የሳንባ ምች በሚመስል ሕመም ይወድቃሉ። ሐኪማቸው ነገሩ ግራ ይገባዋል። መልሱ የመጣው ከሕክምና መጽሐፍ አልነበረም፤ ከሐኪሙ ሚስት ነው። እሷ ደግሞ በቦነስ አይረስ ሰዎች ከበቀቀን በሽታ እንደያዛቸው ያነበበችው በእሁድ ጋዜጣ ነበር። ሐኪሙ ወዲያው ወደ ዋሽንግተን ቴሌግራም ላከ።

ወሬው ጋዜጦች እጅ ሲገባ እሳት ሆነ። ሌፖር እንደሚነግሩን፣ አንድ የከተማ ጤና ኃላፊ በቀቀን ያለው ሁሉ አንገቷን እንዲጠመዝዝ መክረዋል። የባሕር ኃይል መርከበኞችም በቀቀኖቻቸውን ወደ ባሕር እንዲጥሉ ታዝዘዋል። ወፎቻቸውን መንገድ ላይ የጣሉ ሰዎችም ነበሩ። ፕሬዚዳንት ሁቨር ጥር 24 ቀን 1930 በቀቀን ወደ አገር እንዳይገባ ከለከሉ። ሽብሩ ግን እንደመጣ ሄደ፤ ትንሽ ቆይቶ የቀልድ መነሻ ሆነ።

በዚያው ጊዜ ዋሽንግተን በሚገኘው የመንግሥት የንጽህና ላቦራቶሪ ምድር ቤት ውስጥ ቻርልስ አርምስትሮንግ የተባሉ ሐኪምና ሄንሪ አንደርሰን የተባሉ ረዳታቸው የታመሙ ወፎችን ይመረምሩ ነበር። ሁለቱም ተያዙ። አርምስትሮንግ ዳኑ፤ አንደርሰን በየካቲት ሞቱ። በመጋቢት ሌሎች ሠራተኞች ተከታትለው ሲታመሙ ዳይሬክተሩ ጆርጅ ማኮይ ብቻቸውን ወደ ምድር ቤቱ ገብተው ለምርምር የተያዙትን ወፎችና እንስሳት ገደሉ። ሕንፃውም ተዘግቶ በሲያናይድ ጋዝ ታጠነ።

የተሳካላቸው ምኑ ላይ ነው?

ሌፖር ፍርሃት እንደ ሸቀጥ እንዴት እንደሚመረትና እንደሚሸጥ ያሳዩናል። ስለ ጀርም ማውራት በ1920ዎቹ ገበያ የነበረው ነገር ነው፤ የፖል ዴ ክራይፍ «ማይክሮብ አዳኞች» መጽሐፍ በ1926 ወጥቶ በብዛት ተነብቧል። ዴ ክራይፍ በ1932 ባሳተሙት ሌላ መጽሐፍ ደግሞ የማኮይን ታሪክ እንደ ጀግና ገድል ጽፈውታል። ሌፖር ያንን የገድል ቅላጼ ገፈው፣ ከሥሩ ያለውን የጋዜጣ ገበያ ስላሳዩን ሊመሰገኑ ይገባል።

ግን እዚህ ጋ ቆም እንበል። ሽብሩን የነዛው ጋዜጣ ነው፤ በሽታውን ያስገኘውም ያው ጋዜጣ ነው። ያ የእሁድ ወሬ ባይነበብ ኖሮ፣ ሐኪሙ «እቤት ወፍ ነበረች?» የሚለውን ጥያቄ በበሽታው ላይ የሚያያይዝበት ምክንያት አልነበረውም። በእኛ ቋንቋ፣ ጫጫታውና መልእክቱ በአንድ ሽቦ ነው የመጡት። ሽቦውን በሙሉ ስንቆርጠው መልእክቱም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ «ያ ሁሉ ከንቱ ሽብር ነበር» የሚለው ድምዳሜ ለእኔ ይቸግረኛል።

ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች

በአሜሪካ ያ ወረርሽኝ የተመዘገበበት ቁጥር 169 ታማሚና 33 ሟች ነው። ከአምስት ሰው አንድ ማለት ነው። ይህ የሚያስቅ ቁጥር አይደለም።

በሌላ በኩል፣ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እንደሚለው ከ2010 ወዲህ በዚያ አገር በየዓመቱ የሚረጋገጡት ታማሚዎች ከ10 ያነሱ ናቸው። ወፍ ያለባቸው ቤቶች ግን በሚሊዮን ይቆጠራሉ። ምርመራው ስለማይዘወተር ብዙ ታማሚ ሳይቆጠር እንደሚያልፍ ይታመናል። ያንን በብዙ እጥፍ ብናባዛው እንኳ ዕድሉ ትንሽ ነው።

የቤተሰቡ ጠብ የሚነሳው እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ስለሚምታቱ ይመስለኛል። አንደኛው «ወፍ የሚያሳድግ ሰው በዚህ በሽታ የመያዝ ዕድሉ ስንት ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ከተያዘና በትክክል ካልታከመስ?» የሚል። የሚስቀው ሰው የመጀመሪያውን ይዟል፤ የሚፈራው ሁለተኛውን። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ግን የሚመልሱት የየራሳቸውን ጥያቄ ነው።

ደግሞ የሞት መጠን ሲነገራችሁ «ከስንቱ?» ብላችሁ ጠይቁ። በ2024 መጀመሪያ የዓለም ጤና ድርጅት በአምስት የአውሮፓ አገሮች በሽታው ጭማሪ ማሳየቱን ሲያስታውቅ፣ ዴንማርክ እስከ የካቲት 27 ድረስ 23 ታማሚና 4 ሟች መዝግባ ነበር። ይህ ማለት ከተያዙት ስድስት ሰዎች አንዱ ይሞታል ማለት አይደለም። አብዛኞቹ ሆስፒታል ለመግባት የሚያደርስ ሕመም የነበራቸው ናቸው። ቀለል ብሎት ቤቱ ተኝቶ የዳነው ሰው አልተመረመረም፣ አልተቆጠረምም። በ1930ም እንደዚያው ነው።

መንገዱ የት ነው?

በእኛ ሙያ አንድ አደጋ ሲመረመር ሦስት ነገር ይጠየቃል፦ ምንጩ ምንድን ነው፣ በምን መንገድ ይሄዳል፣ ማን ላይ ያርፋል? የ1930ው ሽብር ምንጩን ብቻ አይቶ ነው በቀቀኗ ላይ የዘመተው። የሽብሩ ተቺዎችም በበኩላቸው በዘመቻው ይስቃሉ። መንገዱ ከሁለቱም ያመልጣል።

በሽታው ሲታኮሲስ ይባላል፤ ብዙዎች የበቀቀን ትኩሳት ይሉታል። የሚያመጣው ክላሚዲያ ሲታሲ የተባለ ባክቴሪያ ነው። በአባላዘር በሽታነቱ የምናውቀው ክላሚዲያ ዘመዱ ነው፣ ግን ሌላ ዝርያ ነው። ባክቴሪያው ከወፏ በኩሷ፣ ከአፍንጫና ከዓይኗ በሚወጣ ፈሳሽ ይወጣል። ኩሱ ሲደርቅ ይፈረፈራል፤ ክንፏን ስታራግብ ወይም ሰው ኬጁን ሲጠርግ ብናኙ ይነሳል። ሰውም ይተነፍሰዋል። ዋናው መንገድ ይህ ነው። ከሰው ወደ ሰው መተላለፉ በጣም አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነገር ነው።

እስቲ ብናኙን እንከተለው። መጠኑ 100 ማይክሮሜትር የሆነ ቅንጣት፣ ከ1.5 ሜትር ከፍታ በረጋ አየር ውስጥ በ6 ሰከንድ ገደማ መሬት ይደርሳል። 5 ማይክሮሜትር የሆነው ግን ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። 1 ማይክሮሜትር ከሆነ ደግሞ ግማሽ ቀን። እነዚህ ትንንሾቹ ናቸው ሳንባ ውስጥ ጠልቀው የሚገቡት። በዚያ ላይ የማንኛውም ቤት አየር አይረጋም፤ በር ይከፈታል፣ ሰው ይመላለሳል። ስለዚህ ጠርጎ የጨረሰው ሰው እጁን ታጥቦ ሲቀመጥም ብናኙ ገና በአየር ላይ ነው።

የዋሽንግተኑ ላቦራቶሪ ታሪክ ከጀግንነቱ ይልቅ በዚህ በኩል ነው የሚያስተምረን። በሕንፃው ውስጥ 11 ሠራተኞች የተያዙ ሲሆን፣ ከእነሱ መካከል ወፎቹን ነክተው የማያውቁ፣ ክፍሉ ውስጥ ያልገቡ ሰዎች ነበሩ። ሕንፃው ራሱ መተላለፊያ ቱቦ ሆኖ ነበር። ይህንን ከተረዳን «አንገቷን ጠምዝዙ» የሚለው ምክር ጭካኔ ብቻ እንዳልሆነ ይገባናል። የታመመች ወፍ በእጅ ይዞ ማንፈራገጥ ብናኙን ያስነሳል፤ ምክሩ አደጋውን የሚያባብስ ነበር።

ስሙም አሳሳች ነው። ካርል ማየር የተባሉ ሳይንቲስት በ1930ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ እንዳሳዩት፣ በየጓሮው የሚረቡና ጤነኛ የሚመስሉ ትንንሽ በቀቀኖች ባክቴሪያውን ይዘውት ነበር። ስለዚህ ከውጭ የሚገባውን መከልከል ብቻውን ነገሩን አልፈታውም። በ2018 ቨርጂኒያና ጆርጂያ ውስጥ በዶሮ ማረጃ ፋብሪካዎች ሠራተኞች ታመው፣ 13ቱ በላቦራቶሪ ተረጋግጦላቸዋል። እርግብና ዳክዬም ሊይዙት ይችላሉ። «የበቀቀን ትኩሳት» የሚለው ስም ግን እርግብ የሚያረባውን ሰው «እኔን አይመለከተኝም» ያሰኘዋል። ዶሮ ለሚበሉ ስጋት እንዳይሆን ልጨምር፦ በሽታው የበሰለ ሥጋ በመብላት አይተላለፍም።

ታዲያ ምን ይጻፍልን?

ስለ ወፍና በሽታ የሚጻፉ ምክሮች አብዛኛውን ጊዜ «ይጠንቀቁ» ብለው ያበቃሉ። ምኑን ነው የምንጠነቀቀው? መንገዱን የሚያውቅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ ኬጁን በደረቁ አትጥረጉ፣ በቫኪዩምም አትምጠጡ። መጀመሪያ ውኃ ርጩበት፣ ኩሱ ከራሰ በኋላ ጠቅልላችሁ አውጡ። ይህን በየቀኑ ብታደርጉ ኩሱ የሚደርቅበት ጊዜ አያገኝም። ኬጁን ከማእድ ቤት አርቁት፣ መስኮት ክፈቱ። አዲስ ወፍ ስትገዙ ከሌሎቹ ቢያንስ ለ30 ቀን ለይታችሁ አቆዩአት፤ ጉዞና መጨናነቅ ውስጧ ያደፈጠውን ባክቴሪያ ሊቀሰቅሰው ይችላልና። ከታመመች የእንስሳት ሐኪም ይያት፤ ትታከማለች። መጣልም መግደልም አያስፈልግም።

ሁለተኛው ቁጥር፣ ማለትም ከተያዝን በኋላ ያለው፣ ከ1930 ወዲህ በእጅጉ ተለውጧል። ያኔ ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት አልነበረም። ዛሬ በጊዜው ተለይቶ እንደ ዶክሲሳይክሊን ባለ መድኃኒት ከታከመ ከመቶ አንድ ሰው እንኳ አይሞትም። ቁም ነገሩ «ተለይቶ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 14 ቀን ውስጥ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታትና ደረቅ ሳል ይዞ ይመጣል፤ ማለትም ጉንፋን ይመስላል። ደግሞ እንደ አሞክሳሲሊን ያሉ የፔኒሲሊን ወገኖች እዚህ በሽታ ላይ ደካማ ናቸው፤ የሚመቱት የባክቴሪያውን ግድግዳ ሲሆን የዚህኛው አሠራር ለእነሱ አይመችም። በእኛ አገር ሳል የያዘው ሰው ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጡ የተለመደ ነው። ወፍ እያሳደገ እንዲህ የሚያደርግ ሰው መድኃኒት እየወሰደ ሊባባስበት ይችላል። ሐኪሙም ካልተነገረው በስተቀር ስለ ወፍ ላይጠይቅ ይችላል።

ሌፖርን አንብቧቸው፤ ፍርሃት እንዴት እንደሚነግድብን ትማሩበታላችሁ። ግን ሳቁን ይዛችሁ ብቻ አትውጡ። ወፍ የምታሳድጉ፣ እርግብ የምታረቡ ወይም ዶሮ ቤት የምትሠሩ ከሆነና ትኩሳት ያለው ሳል ከያዛችሁ፣ ሳይጠይቋችሁ «እቤቴ ወፍ አለች» ወይም «የምሠራው ዶሮ ቤት ነው» ብላችሁ ለሐኪሙ ንገሩ። የአናፖሊሱ ሐኪም ይህንን የሰማው በአጋጣሚ፣ ከሚስቱ ነበር።