አንድ አብራሪ ይበቃል?

ገና በወረቀት ላይ ያለ ሄሊኮፕተር ስንት ሰው ይዞ ይብረር? የእኔ ሙያ ይህን ጥያቄ ብረት ከመቆረጡ በፊት አስልቶ መመለስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የአሜሪካ ጦር ኤልኤችኤክስ የተባለውን ቀላል ሄሊኮፕተር ሲያቅድ፣ አንድ አብራሪ ብቻ ይበቃው እንደሆን በብርቱ ጠይቆ ነበር፤ አንድ ወንበር ሲቀነስ ክብደትም ወጪም ይቀንሳልና። ተመራማሪዎቹ ማክራከንና አልድሪች ለዚሁ ጥያቄ በ1984 ያቀረቡት የሥራ ጫና መለኪያ ዛሬም የሙያችን መነሻ ነው።

መለኪያው ተልዕኮውን ወደ ጥቃቅን ተግባራት ይበትንና እያንዳንዱ ከዓይን፣ ከጆሮ፣ ከአእምሮና ከእጅ ለሚወስደው ድርሻ ነጥብ ይሰጣል። ጣሪያው 7 ነው። በኋላ በተሻሻለው ሠንጠረዥ አንድ ቁልፍ መጫን ለእጅ 2.2 ሲሆን፣ በኪቦርድ ቁጥር መደርደር 7 ነው። ጽሑፍ ማንበብ ለዓይን 5.9፣ አካባቢን መቃኘት 7። ስለዚህ በሌሊት ከዛፍ አናት ብዙም ሳይርቅ የሚበር ሰው ውጭውን እየቃኘ መልእክት ያንብብ ካልን ድምሩ 12.9 ይደርሳል። የዓይን ጫና እንዲህ በመደመር ብቻ እንደማይገኝ አውቃለሁ። ቢሆንም ቁጥሩ የትኛውን ሰከንድ መመርመር እንዳለብኝ ይነግረኛል፤ ከሞዴል የምፈልገውም ይህንኑ ነው። የተልዕኮውን አማካይ ጫና ብቻ የያዘ ሪፖርት ሲቀርብልኝ ግን እመልሰዋለሁ። አደጋው ያለው አማካዩ በሸፈናቸው ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የተግባራቱን ዝርዝር ማግኘት ነው። ልምድ ያለው አብራሪ ሳያስበው የሚሠራውን አይናገርም። «ከዚያ እዞራለሁ» ይልና ከመዞሩ በፊት ያየውን፣ የሰማውን፣ የነካውን ሁሉ ይዘለዋል። «ቆይ፣ ያኔ ዓይንዎ የት ነበር? ግራ እጅዎስ ምን ይዞ ነበር?» እያሉ ደጋግሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። መስፈርት የሚወጣው ከዚህ መልስ ነው። «ስክሪኑ ለአጠቃቀም ምቹ ይሁን» የሚለውን ማንም ሊፈትነው አይችልም። «አብራሪው እጁን ከመቆጣጠሪያው ሳያነሳ የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ መቀየር ይቻለው» የሚለው ግን ይፈተናል፤ ይህን የማያሟላ ኮክፒትም ወደ ሠሪው ይመለሳል።

ኤልኤችኤክስ በመጨረሻ ባለ ሁለት ወንበሩ ኮማንቼ ሆኖ በ1996 በረረ፤ ፕሮግራሙም በ2004 ተሰረዘ። ሁለተኛ ሰው ሲጨመር ጫናው እኩል ለሁለት የሚከፈል የሚመስላቸው አሉ። ነገር ግን አንዱ ያየውን መናገር፣ ሌላው መስማት፣ ሁለቱም የተባባሉትን ማረጋገጥ አለባቸው። ይህም ንግግር ጊዜ የሚወስድ ተግባር ስለሆነ በሠንጠረዡ ውስጥ የራሱ መስመር ይገባዋል፤ ካልገባ የሁለተኛው ወንበር ጥቅም ተጋኖ ይታያል።