ቶሩ ታኬሚትሱና የቢዋ ድምፅ፤ ሲኒማ ለኮንሰርት ሙዚቃ ያበረከተው ድርሻ

የሙዚቃን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አንድ የለመዱት አከፋፈል አላቸው። ለኮንሰርት አዳራሽ የተደረሰው የደራሲው እውነተኛ ሥራ፣ ለሲኒማ የተደረሰው ግን የዕለት እንጀራ ማግኛ ነው ይላሉ። ጃፓናዊው የሙዚቃ ደራሲ ቶሩ ታኬሚትሱ (1930–1996፤ ዓመታቱ ኹሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ወደ መቶ ለሚጠጉ ፊልሞች ሙዚቃ የደረሰ ሰው ነውና፣ ይህ አከፋፈል ከማንም ይልቅ በእርሱ ላይ ይከብዳል። የሥራዎቹን የጊዜ ቅደም ተከተል ለሚመረምር ግን ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። ታኬሚትሱ የአገሩን የሙዚቃ መሣሪያ አስቀድሞ የቀረበው በሲኒማ በር ገብቶ ነው።

ቶኪዮ ተወልዶ ገና በወሩ ወደ ማንቹሪያ ተወሰደ፤ ለትምህርት ሲመለስም ያደገው በአጎቱ ቤት ነው። የአጎቱ ሚስት ኮቶ የሚባለውን ባለ ብዙ አውታር መሣሪያ ታስተምር ነበር። ልጁ ግን ያን ድምፅ አልወደደውም፤ ከጦርነቱ ዘመን መራራ ትዝታ ጋራ ተጣብቆበት ቀርቷልና። በ1944፣ በ14 ዓመቱ፣ ለወታደራዊ ሥራ ተመልምሎ በተራራ ውስጥ ሳለ፣ አንድ መኰንን በስውር ያሰማው የፈረንሳይ ዘፈን ልቡን ማረከው። የጠላት አገር ሙዚቃ በተከለከለበት ወቅት ነበር። ከጦርነቱም በኋላ በአሜሪካ ጦር ሬዲዮ የሰማው የምዕራብ ሙዚቃ መምህሩ ሆነ፤ አብዛኛውን ዕውቀቱን ያገኘው በግሉ ጥረት ነው። በ1950 ያቀረበውን የፒያኖ ድርሰት አንድ ጋዜጠኛ ሐያሲ የሙዚቃ ስም እንኳ የማይገባው ነው ሲል ነቀፈው። ከነቃፊው ይልቅ የተነቀፈው መታወሱ አያስገርምም።

በ1957 የደረሰው የአውታር መሣሪያዎች «ሬኲየም» በ1959 ጃፓንን ይጐበኝ በነበረው በስትራቪንስኪ ጆሮ ገብቶ መመስገኑ ብዙ ጊዜ ይነገራል። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ድርሰቱ ለማን መታሰቢያ እንደ ሆነ ነው። በ1955 ለሞተው ለፉሚዮ ሃያሳካ ነው፤ ሃያሳካም ለኩሮሳዋ «ራሾሞን»ና «ሰባቱ ሳሙራይ» ሙዚቃ የደረሰ፣ ታኬሚትሱም በረዳትነት ያገለገለው ሰው ነበር። እንግዲህ የታኬሚትሱን ስም በዓለም ያስጠራው የኮንሰርት ድርሰት የተጻፈው ለአንድ የሲኒማ ሙዚቃ ደራሲ ኀዘን ነው።

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ቢዋ አጭር አንገት ያለው፣ በሰፊ የእንጨት መምቻ የሚመታ የአውታር መሣሪያ ነው። ታኬሚትሱ ይህን መሣሪያ የተጠቀመበት በ1961 ስለ ጃፓን ጌጣጌጥ ቅርፆች ለተሠራ የቴሌቪዥን ጥናታዊ ፊልም፣ ቀጥሎም በ1962 ለማሳኪ ኮባያሺ «ሴፑኩ» ፊልም ነው። በ1964 ደግሞ ለዚያው ዳይሬክተር «ኳይዳን» ሠራ። በዚህ ፊልም የመጀመሪያ ታሪክ፣ ሳሙራዩ የተዋትን ሚስቱን ፍለጋ ወደ ፈረሰው ቤት ሲመለስ፣ የምንሰማው የሚሰነጠቅ እንጨት ድምፅ ነው። ያውም ከምናየው እንቅስቃሴ ጋራ አይገጥምም፤ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ይደርሳል፤ በመካከሉም ረጅም ዝምታ አለ። ተመልካቹ የሚፈራው ከድምፁ ይልቅ ያን ዝምታ ነው። ጃፓኖች በሁለት ነገሮች መካከል ያለውን ባዶ ቦታ «ማ» ይሉታል፤ ስለዚህ ቃል ብዙ ተጽፏል፤ በእኛ አስተያየት ግን ከብዙው ጽሑፍ ይልቅ ይህ ትዕይንት ያስረዳል።

ለኮንሰርት አዳራሽ ቢዋንና ሻኩሃቺን (ከጫፉ የሚነፋ የቀርከሃ ዋሽንት ነው) ያጣመረው «ኤክሊፕስ» የተደረሰው በ1966 ነው። ሁለቱን ከኦርኬስትራ ጋራ ያቀረበበት «ኖቬምበር ስቴፕስ» ደግሞ የኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክ 125ኛ ዓመቱን ለማክበር አዝዞት፣ በኖቬምበር 1967 በሴይጂ ኦዛዋ መሪነት ተሰማ። አንድነት ፈጠረ ብለው የሚያመሰግኑት ሰዎች ድርሰቱን በሚገባ ያዳመጡት አይመስለንም። ኦርኬስትራው አንድ ነገር ይላል፤ ሁለቱ መሣሪያዎች ሌላ ይላሉ፤ ደራሲውም ሊያስታርቃቸው አልፈለገም። ቢዋው የሚወደደው አውታሩ በንዝረቱ በሚያሰማው ጥዝጥዝታ ነው፤ ይህንንም «ሳዋሪ» ይሉታል። በገናን የሚያውቅ አንባቢ ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል፤ እንዝራ የሚባለው ቁራጭ ቆዳ በአውታሩ ሥር የሚገባው ለዚሁ ጥዝጥዝታ ነውና። በአውሮፓ ቫዮሊን ላይ ግን እንዲህ ያለ ድምፅ ጉድለት ነው። ለአንዱ ጌጥ ለሌላው ነውር የሆነውን ድምፅ በአንድ መድረክ አቁሞ ልዩነቱን ሳይሸፍን መተው፣ በእኛ ግምት የታኬሚትሱ ትልቁ ድፍረት ነው።

ኋላ የደረሳቸው የኦርኬስትራ ሥራዎች ይህ ድፍረት ጐድሏቸዋል። ውብ ናቸው፤ አንዳንዴም ከመጠን ያለፈ ውበት አላቸው፤ አንዱን ከሌላው ለመለየትም ያስቸግራሉ። በዚያው ዘመን ግን፣ በ1985፣ ለኩሮሳዋ «ራን» የሠራው እንደ ቀድሞው ነው። ግንቡ ሲወረር የሰይፉና የፈረሱ ድምፅ ኹሉ ይጠፋል፤ ደም እየፈሰሰ የሚሰማው የኦርኬስትራው ለቅሶ ብቻ ነው፤ እሱንም አንድ የጠመንጃ ተኵስ ይቈርጠዋል። ዳይሬክተሩ እንደ ማህለር ያለ ሙዚቃ ይፈልግ ነበር፤ ሁለቱ በሥራው ተጋጭተዋል፤ ዳግመኛም አብረው አልሠሩም። ማን ትክክል እንደ ነበረ ለመፍረድ አንሞክርም፤ ጠቡ ግን ለሥራው በጅቶታል።

ለባሕል ተመራማሪ የሚቀረው ጥያቄ ሌላ ነው። በ«ኖቬምበር ስቴፕስ» መጨረሻ አካባቢ ሁለቱ መሣሪያዎች ብቻቸውን የሚጫወቱት ክፍል በተለመደው ኖታ ሳይሆን በሥዕላዊ ምልክት የተጻፈ ነው፤ ብዙው ለተጫዋቾቹ ተትቷል። የቢዋዋ ባለሙያ ኪንሺ ጹሩታ መሣሪያውን ራሷ ያሻሻለች፣ በ«ኳይዳን»ም የተጫወተች ሴት ናት፤ ሻኩሃቺውን የሚነፋው ካጹያ ዮኮያማ ነበር። እርሷ በ1995 ዐረፈች፤ ደራሲው በተከታዩ ዓመት ሞተ። ዛሬ ያን ክፍል የሚጫወቱ ወጣቶች የሚያጠኑት የጹሩታንና የዮኮያማን ቅጂ እያዳመጡ ከሆነ፣ በወረቀቱ ላይ የታኬሚትሱ ስም ቢኖርም፣ የሚተላለፈው ከአፍ ወደ ጆሮ የሚወርደው የጥንቱ የባለሙያዎች ትምህርት ነው።