ለቦርዱ ጠበቃ ስቆም

«ኮች፣ ከሪ እኮ ቦርድ አስነክቶ አይደለም የሚያስገባው፤ እኛን ለምን ቦርድ ቦርድ ይሉናል?» አለኝ በቅርቡ ቡድናችንን የተቀላቀለ የ14 ዓመት ልጅ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እስቴፈን ከሪን እያየ ላደገ ልጅ ቅርጫት ኳስ ማለት ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ ቆሞ መረቡን ብቻ ማንቀሳቀስ ነው። ከጎን በኩል፣ ከሦስት ከአራት ሜትር ላይ፣ ኳሱን ቦርድ አስነክቶ ማስገባት የሽማግሌ ጨዋታ ይመስለዋል። መልሴን እዚያው ሜዳው ላይ ሰጠሁት፤ ነገር ግን ጉዳዩ ከዚያ የሰፋ ነው።

አብሮኝ የሚሠራው ወጣት ረዳት አሰልጣኝም ከልጁ ወገን ነው። ስሌቱን ወረቀት ላይ ጽፎ ያሳየኛል፤ ከአምስት ሜትር የገባ ኳስ ሁለት ነጥብ ነው፣ ጥቂት ወደ ኋላ ቢሉ ሦስት ይሆናል፣ ስለዚህ ወይ ሪንጉ ሥር መግባት ወይ ከመስመሩ ውጭ መቆም። ለኤንቢኤ ስሌቱ ልክ ነው። ክንዱ ላልጠና ልጅ ግን የመስመሩ 6.75 ሜትር ሩቅ ነው፤ ኳሱን ለማድረስ ሲል ከወገቡ አንስቶ ይወረውረዋል፣ ክርኑ ይከፈታል፣ ትከሻው ይዞራል። አንዴ የገባ ጠማማ አመታት እስኪወጣ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ያሠለጠነ ያውቀዋል።

ቦርዱ ከምንም በፊት ዒላማ ይሰጣል። ከታች ሆኖ ለሚያይ ሰው ሪንጉ ቀጭን ሞላላ ነገር ነው፤ መሐሉን በዓይን መያዝ ከባድ ነው። ቦርዱ ላይ የተሠመረው አራት ማዕዘን ግን በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን (ፊባ) ደንብ 59 በ45 ሳንቲሜትር ሆኖ በጉልህ ይታያል፤ ከጎን ቆመህ ወደ አንተ የቀረበውን የላይኛውን ጥግ ማየት ብቻ ነው። ኳሱ ከፍ ብሎ ሄዶ እየወረደ ይንካ፤ ወደ ኋላ የሚሽከረከር ከሆነ ፍጥነቱን እዚያው ጥሎ ወደ ታች ይመለሳል። በቀጥታ የተመታ ኳስ ጉልበት ትንሽ ሲበዛበት የኋላውን ብረት መትቶ ይወጣል፤ በቦርዱ የሄደው ግን አሁንም የመግባት ዕድል አለው። እ.ኤ.አ. በ2011 የኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶች አንድ ሚሊዮን የኳስ አመታት በኮምፒውተር አስመስለው ፈትሸው ነበር፤ እስከ 12 ጫማ ባለው ርቀት ከብዙ አቅጣጫዎች በቦርድ የተመታው ከቀጥታው እስከ 20 በመቶ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ረዳቴ ቁጥር ስለሚወድ ይህን ደጋግሜ እነግረዋለሁ።

እርግጥ እኛ የምንጫወትበት ቦርድ ሁሉ መስታወት አይደለም። ዝናብ የጠጣ እንጨት፣ ብሎኑ የላላ ቦርድ ኳሱን ይውጠዋል፤ ላሜራው ደግሞ አርቆ ይተፋዋል። ስለዚህ እንግዳ ሜዳ ስንሄድ ልጆቼ ሲያሟሙቁ አስቀድመው ሁለቱንም ቦርዶች በኳስ ይፈትሻሉ፤ የትኛው ጎን እንደሞተ ሳያውቅ ጨዋታ የሚጀምር የለም።

ለልጁ የነገርኩት ግን በቦርድ አመታቱ ስለሚታወቀው ስለ ቲም ደንከን ነው። ደንከን ሴንት ክሮይ በምትባል የካሪቢያን ደሴት ያደገ ዋናተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 ሁጎ የተባለው አውሎ ነፋስ የሚለማመድበትን ገንዳ አወደመው፤ ባሕር ውስጥ እንዳይዋኝ ደግሞ ሻርክ ይፈራ ነበር። 14 ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው እናቱ በጡት ካንሰር ሞቱ። ቅርጫት ኳስን የጀመረው እንዲህ ዘግይቶ ነው። ትምህርቱን እንደሚጨርስ ለእናቱ ቃል ገብቶ ስለነበር፣ ቀድሞ ወደ ኤንቢኤ መግባት ሲችል አራቱን ዓመት ዌክ ፎረስት ተቀምጦ ተመረቀ። እ.ኤ.አ. በ1997 ሳን አንቶኒዮ ስፐርስ በመጀመሪያ ምርጫ ወሰደው።

ከዚያ በኋላ 19 የውድድር ዘመን በአንድ ክለብ፣ አምስት ዋንጫ፣ 26,496 ነጥብ። መታወቂያው ግን አንድ ቦታ ነው። በግራ በኩል ኳሱን ይቀበላል፣ ወደ ሪንጉ ይዞራል፣ በቀኝ እግሩ አንዴ ያስፈራራል፣ ከዚያ የአራት ማዕዘኑ የላይኛው ጥግ። ተከላካዩ ያውቀዋል፣ ተመልካቹ ያውቀዋል፤ ኳሱ ግን ይገባል። ከእሱ በፊት ሳም ጆንስ ከቦስተን ሴልቲክስ ጋር 10 ዋንጫ ሲወስድ መታወቂያው ይኸው አመታት ነበር።

ረዳቴ የማይቀበለኝ ክርክር እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ከዚህ ንቅንቅ አልልም። ተጫዋች ሲመዘን የጨዋታ ዕድሜውም መቆጠር አለበት። ደንከን እ.ኤ.አ. በ2000 የግራ ጉልበቱ ተጎድቶ ከዋንጫ ጨዋታዎቹ ቀረ፤ በኋለኞቹ ዓመታት ጉልበቱን አስሮ፣ ክብደቱን ቀንሶ ነው የተጫወተው። ዝላዩ ቢቀንስም ከጎን ለሚመታው ኳስ ዝላይ አያስፈልገውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ፍጻሜ ሰባተኛ ጨዋታ፣ ማያሚ በሁለት ነጥብ ሲመራ፣ ሪንጉ ሥር ሆኖ ሳተ፤ መልሶ ሊያስገባ ሞከረ፣ ያም እንቢ አለ። ለመከላከል ሲመለስ ወለሉን በሁለት እጁ መታው። 37 ዓመቱ ነበር። በዓመቱ ያንኑ ማያሚን 4 ለ1 አሸንፎ አምስተኛውን ዋንጫ አነሣ።

እኔ በክለብ ደረጃ ነው የተጫወትኩት፤ ጉልበቴ ካቃተኝ በኋላ ሜዳ ላይ ያቆየኝ ቦርዱ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከልጆቼ እኩዮች ጋር እጫወታለሁ። በሩጫ ሊቀድሙኝ ይችላሉ፣ ከላዬ ሊዘሉ ይችላሉ፤ በግራ በኩል ኳስ ከደረሰኝ ግን ሁለት ሆነው ይመጡብኛል። ባለቤቴ ሁልጊዜ ደስ ብሎኝ ወደ ቤት የምመለሰው ቅዳሜ መሆኑን ታውቃለች። ከማሠለጥናቸው ልጆች ቅርጫት ኳስ እንጀራ የሚሆነው ለጥቂቶቹ ነው፤ ለቀሪዎቹ የምመኘው በ50 ዓመታቸው ጫማቸውን አስረው የሚወጡበት ሜዳ እንዲኖራቸው ነው።

ከረዳቴ ጋር ተነጋግረናል። የሦስት ነጥቡን ልምምድ በሳምንት ሁለት ቀን እሱ ያሠራል፤ ልጁም ከፈለገ ከሪን ይከተል። የየቀኑ የመጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ግን የቦርዱ ነው፣ ከግራም ከቀኝም፤ ያንን ለማንም አልሰጥም።