አባይ የቆረጠው አንዲት ቀጭን መስመር ነው!

የአባይን በረሃ የቆፈረው አባይ መሆኑን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን። ግን ምን ያህሉን? መልሱን ካገኘሁ ወዲህ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ሳወራ ነው የከረምኩት፤ ዛሬ ተራው የእናንተ ነው። ወንዙ በራሱ ጉልበት የቆረጠው ከታች የሚሄድባትን ቀጭን መስመር ብቻ ነው! ከጎሐ ጽዮን አፋፍ እስከ ደጀን አፋፍ ያለው፣ ዓይን አይቶ የማይጨርሰው ያ ሁሉ ክፍት ቦታ የተከፈተው በናዳና በመሬት መንሸራተት ነው። ወንዙ ከሥር ይቆርጣል፤ ሥሩ የተቆረጠበትን ገደል የመሬት ስበት ይንደዋል፤ የተናደውን ደግሞ ወንዙ ጠርጎ ይወስደዋል። ከዚያ እንደገና ይቆርጣል። ሚሊዮን ዓመታት ሙሉ ሌላ ሥራ የለም፤ ይኸው ነው።

አውድማ ላይ በተከመረ ጤፍ መሐል ጣታችሁን ሰዳችሁ ብትጎትቱ የሚቀረው ቦይ የጣት ስፋት አይኖረውም። እህሉ ከግራም ከቀኝም እየተንሸራተተ ይወርድና ቦዩ የጣታችሁን ብዙ እጥፍ ይሰፋል። የአባይ ሸለቆም እንዲህ ነው የሰፋው። ይህን አንዴ ካወቁ በኋላ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ እንደ ቀድሞው ማለፍ አይቻልም፤ እኔስ አልቻልኩም፤ በሄድኩ ቁጥር የመስኮቱን ወንበር ነው የምይዘው።

እስቲ ከጉልበቱ እንነሳ። ውሃ ጉልበት የሚያገኘው ከመውረዱ ብቻ ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,786 ሜትር ላይ ተቀምጧል፤ አባይ ሱዳን ድንበር ሲደርስ 500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ፣ ማለትም አምስት በርሜል፣ ከጣና ተነስቶ ድንበር እስኪደርስ ወደ 1,300 ሜትር ወርዷል ማለት ነው። በዚህ መውረድ የሚለቀው ኃይል 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ድንበሩን በዓመት የሚሻገረው ውሃ ደግሞ 50 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ነው! እርግጥ አብዛኛው ከጣና የተነሳ አይደለም፤ በሽሎ፣ ጀማ፣ ሙገር፣ ጉደር፣ ዴዴሳና ሌሎቹም በየመንገዱ እየተቀላቀሉት ነው። ቢሆንም እነሱም የሚመጡት ከደጋ ቁልቁል ነው። ይበልጥ የሚያስደንቀው ደግሞ ከዚህ ሁሉ ኃይል የሚበዛው ውሃው እርስ በርሱ ሲላተምና ሲሽከረከር የሚያልቅ መሆኑ ነው። ለድንጋዩ የሚተርፈው ጥቂቱ ነው። በዚያች ጥቂት ነው ይህ ሁሉ የሆነው!

መንገዱንም ያስያዘው ስበት ነው። ወንዙ ከጣና ወጥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይሄድና ጎጃምን ዞሮ ወደ ምዕራብ ይታጠፋል። ካርታ ላይ ስታዩት ጠመዝማዛነቱ ግራ ያጋባል። መሐሉ ላይ ግን ከ4,000 ሜትር በላይ የሚረዝመው የጮቄ ተራራ አለ፤ ጮቄ ራሱ የጥንት እሳተ ገሞራ ነው። ውሃ ሽቅብ አይወጣ፤ ዞረ።

አሁን ደግሞ ለእኔ ከሁሉ የበለጠውን ስሙ። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ዊልያም ሆፕኪንስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሰላው፦ የውሃ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የሚያንከባልለው ድንጋይ ክብደት በእጥፍ አይደለም የሚጨምረው፣ 64 እጥፍ ነው! በሚያዝያ አንድ ኪሎ ጠጠር የሚገፋ ጅረት ፍጥነቱ እጥፍ ከሆነ 64 ኪሎ ድንጋይ ያንከባልላል። ፍጥነቱ አራት እጥፍ ከሆነስ? ከ4,000 ኪሎ በላይ፣ 40 ኩንታል! እንደ ስሌት ነው፤ እውነተኛ ወንዝ ላይ የድንጋዩ ቅርጽና የወለሉ ሸካራነት ልክ ልኩን ይለውጡታል። ግን ክረምት ላይ ከወንዝ ዳር ቆሞ ከውሃው በታች ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ የሰማ ሰው ስሌቱን ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም። ግድብ ሳይሠራበት በፊት ድንበር ላይ የነሐሴ አባይ የውሃ መጠን የሚያዝያውን ከሠላሳ እጥፍ በላይ ነበር። ስለዚህ የዓመቱ ሥራ የሚሠራው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው፤ በጋ ላይ ወንዙ አሸዋና ጭቃ ከማጓጓዝ ያለፈ ብዙ አይነካም።

ይህ የተንከባለለ ድንጋይ ነው የወንዙ መሣሪያ። ውሃ ብቻውን ባዛልት አይፈጭም። በበጋ ውሃው ጎድሎ ዓለቱ ሲገለጥ፣ ክንድ የሚያስገባ ክብ ጉድጓድ ዓለቱ ላይ ታገኛላችሁ። እጃችሁን ክተቱበት። ግድግዳው እንደ ተወለወለ ልስልስ ነው። ታች ላይ አሸዋና አንድ ሁለት ድቡልቡል ድንጋይ ይነካችኋል። ጉድጓዱን የቆፈሩት እነሱ ናቸው! ክረምት በመጣ ቁጥር አዙሪቱ እዚያው እያሽከረከራቸው ዓለቱን ይፈገፍጋሉ፤ እነሱም ያልቃሉ፤ ሌላ ድንጋይ ይተካል። ባዛልቱ ድሮ ሲቀዘቅዝ የተሰነጣጠቀ ስለሆነ ደግሞ ውሃው ሁልጊዜ መፈግፈግ አይጠበቅበትም፤ በስንጥቁ ገብቶ ቁራጩን ፈንቅሎ ያወጣዋል። የኖራ ድንጋይና ጀሶ ላይ ሲደርስማ ጭራሽ ያሟሟቸዋል።

ጀሶን ያለ ምክንያት አላነሳሁም። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ስትወርዱ መጀመሪያ የምታገኙት ባዛልት ነው፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በደጋው ላይ ከፈሰሰው ቅልጥ ዓለት የቀረ። ዝቅ ስትሉ የኖራ ድንጋይ ይመጣል፤ በውስጡ የባሕር ዛጎል አለ፤ ምክንያቱም ያኔ፣ በዳይኖሰሮች ዘመን፣ ይህ ቦታ ባሕር ነበር! ከኖራው በታች ጀሶና የሸክላ ድንጋይ ተደራርበዋል፤ ጂኦሎጂስቶች ይህን ድርድር በጎሐ ጽዮን ስም ነው የሚጠሩት። ከዚያም በታች የአሸዋ ድንጋይ አለ። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፦ ከባዱና ጠንካራው ከላይ ተቀምጧል፣ ልፍስፍሱ ከሥር ነው። ክረምት ሲገባ ዝናቡ በስንጥቁ ይሰርግና የሸክላውን ድንጋይ ያረጥበዋል። የረጠበው ሸክላ ያሟልጫል። ላዩ ላይ ያለው ደግሞ ተራራ ነው። ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ስበት ይጨርሰዋል።

በዚያ መንገድ የሄደ ሁሉ አስፋልቱ ሲሰምጥና ሲሰነጠቅ አይቷል፤ የኢትዮጵያና የጃፓን ባለሙያዎችም ይህን መንሸራተት አብረው አጥንተዋል። መንገድ ለሚጠግን ሰው ፈተና ነው፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ያንን የሰመጠ አስፋልት ሳይ ሸለቆው ዛሬም እየሰፋ እንደሆነ በዓይኔ በብረቱ እያየሁ ነው፤ ልቤ ይዘላል። ሥራው አላለቀም!

እስካሁን የተጠረገውን የለኩ አሉ። ናሂድ ጋኒና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት ከሰሜን ምዕራቡ የኢትዮጵያ አምባ በ29 ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ቢያንስ 93,200 ኪሎ ሜትር ኩብ ዓለት ተሸርሽሮ ሄዷል። ጣና ሐይቅ ጢም ብሎ ሲሞላ የሚይዘው 28 ኪሎ ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ነው። ከ3,000 ጣና በላይ ዓለት ማለት ነው! ቆረጣውም እኩል አልሄደም፤ ከ10 ሚሊዮን ዓመት በፊት ፈጠን አለ፣ ከ6 ሚሊዮን ዓመት በፊት ደግሞ እንደገና፤ አምባው ከፍ ባለ ቁጥር ወንዙ የሚወርድበት ቁልቁለት ይጨምራልና። ይህን ያህል ሸክም ሲነሳለት ደግሞ መሬቱ ራሱ ቀለል ብሎት ሽቅብ ይነሳል። አያችሁት? መሸርሸሩ መልሶ ከፍታ ይሰጣል፣ ከፍታውም መልሶ ለወንዙ ጉልበት!

ታዲያ አባይ ይዞ የሚዞረው ግንድ ብቻ አይደለም። በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ደለል ከኢትዮጵያ ተሸክሞ ይወጣ ነበር፤ የአስዋን ከፍተኛ ግድብ እስኪሠራ ድረስ የግብፅን እርሻ በየዓመቱ ያደሰው ከጎጃም፣ ከወሎና ከሸዋ የሄደ አፈር ነው። ዛሬ ጉባ ላይ 145 ሜትር የሚረዝመው የሕዳሴ ግድብ ቆሟል። ተርባይኖቹን የሚያዞረው ኃይል ሌላ አይደለም፤ ሸለቆውን የቆረጠው ያው የመውረድ ኃይል ነው። ድንጋይ ሲፈጭበት የኖረው ጉልበት አሁን አምፖል ያበራል! ደለሉ ግን አሁንም ይመጣል፤ የተራሮቻችንን ተዳፋት በእርከንና በደን መያዝ የግድቡን ዕድሜ መጠበቅ የሆነውም ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ በትንሹ ለማየት አባይ ድረስ መውረድ ላይጠበቅባችሁ ይችላል። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳችሁ ደብረ ሊባኖስ ስትደርሱ የፖርቱጋል ድልድይ የሚባለው አለ። ከሥሩ የምታልፈው ጅረት ሜዳ ለሜዳ ቀስ እያለች ትመጣለች፤ ከድልድዩ እልፍ ሲል መሬቱ ያልቅና ወደ ጀማ ሸለቆ ትወረወራለች። ፏፏቴው እግሩ ሥር ያለውን ይቦረቡራል፣ ላዩ ድጋፍ አጥቶ ይወድቃል፣ ፏፏቴው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይመለሳል። የአባይ ገባር ሁሉ ደጋውን እየበላ ወደ ላይ የሚወጣው እንዲህ ነው። መስከረም ላይ ሂዱ፤ ውሃው ገና አልጎደለም፣ ሰማዩም ጠርቷል። ከድልድዩ ሆናችሁ እንደ ልብ እዩ። ጠርዙ ላይ ግን አትቁሙ፤ እሱም ተራውን እየጠበቀ ነው።