ወደ ነፋስ ወይስ ወደ መሬት

የፍሳሽ ማጣራትን ሙያ ከያዝኩ ጀምሮ በየማለዳው ሳልፈጽመው የማልውለው ሥራ አለኝ፤ ከገንዳው አንድ ሊትር በመስታወት መለኪያ ቀድቼ በመስኮቱ ደፍ ላይ አኖርና ሠላሳ ደቂቃ እጠብቃለሁ። ቡናማው ዝቃጭ እየተሰበሰበ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይወርዳል፣ በላዩም ያለው ውኃ ይጠራል፤ ጀማሪ የሆነ ሰው ይህን አይቶ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። መስታወቱን ሳይነካ አንድ ሁለት ሰዓት የታገሠ ግን የተኛው ዝቃጭ ከመካከሉ ተሰንጥቆ፣ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ አረፋዎች ተሸክመውት፣ ጓል ጓል እየሆነ ሲነሣ ያያል። ያ አረፋ ናይትሮጅን ነው፤ ትናንት በሰው ገላ ውስጥ የነበረው፣ በሽንት ወጥቶ አሞኒያ የሆነው፣ ከአሞኒያም ወደ ናይትሬት የተለወጠው ያው ንጥረ ነገር ዛሬ ወደ ነፋስ ሲመለስ በዓይን የሚታየው በዚህች ቅጽበት ነው።

ፍጥረት ሁሉ ከአርባዕቱ ባሕርያት፣ ከነፋስ ከእሳት ከውኃና ከመሬት፣ መገኘቱን በልጅነቴ በባሌዋ አጋርፋ ከየኔታ ስሰማ፣ ኋላ ዕድሜዬን የምፈጅበት ሥራ ከባሕርያቱ አንዱን ወደ ሌላው ማሻገር መሆኑን አላወቅሁም ነበር። የሚያሻግሩትም እኛ ሳንሆን በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ፍጡራን ናቸው። አሞኒያውን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ወገኖች፣ ሩስያዊው ሊቅ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ በ1890 እ.ኤ.አ. ገደማ ለይቶ ያሳወቃቸው፣ የሰውን ፍርፋሪ ሳይሹ ከአሞኒያው በሚያገኙት ጥቂት ኃይል እንደ ባሕታዊ የሚኖሩ ናቸው፤ ስለዚህም መዋለዳቸው እጅግ የዘገየ ነው፣ ያለ አየርም አይሠሩም። ሁለተኛዎቹ ደግሞ አየር ሲታጣ ከናይትሬቱ ኦክስጅኑን ነጥቀው ይተነፍሳሉ፣ ናይትሮጅኑንም ብቻውን ይለቁታል፤ እነዚህ ግን ያለ ምግብ አይኖሩምና አስቀድሞ በነበረው አየር ምግቡ ሁሉ ከተቃጠለ ሥራቸውን ያቆማሉ። እንግዲህ ጥበቡ ያለው አየርን በጊዜው በመስጠትና በጊዜው በመንሳት ላይ ነው።

ይህ ሥራ በባሌ ደጋ የሚከብድበት ምክንያት አለው። አንድ ኪሎ የአሞኒያ ናይትሮጅን ወደ ናይትሬት ለመለወጥ 4.57 ኪሎ ኦክስጅን ይጠይቃል፤ ዛሬም በዓለም ላይ የሚሠራበት ሕያው ዝቃጭን በአየር የመመገብ ዘዴ በ1914 እ.ኤ.አ. የታወጀው በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር፣ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ በማትል ከተማ ነው። በ15 ዲግሪ ሙቀት በዚያ በአንድ ሊትር 10 ሚሊግራም ኦክስጅን የሚሸከመው ውኃ፣ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በሮቤ ከሰባት ተኩል ገደማ አያልፍም፤ ከርሷም ከፍ በምትለው በጎባ ደግሞ ከዚህ ያንሳል። በዚህ ላይ ቅዝቃዜው አለ። ለትምህርት ብለን በሠራናት ትንሽ የሙከራ ገንዳ፣ ሣሩን ውርጭ ባነጣበት የኅዳር ማለዳ ቴርሞሜትሩን ስናወጣው 11 ዲግሪ ያሳየን ነበር፤ በ20 ዲግሪ በአንድ ሳምንት የሚሞላው የእነዚያ ባሕታውያን ቁጥር በ10 ዲግሪ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይወስዳል። ስለዚህ ከቆላ የተቀዳ ንድፍ ወደ ደጋ ሲመጣ፣ የገንዳው ስፋትና የዝቃጩ ዕድሜ እንደ ገና ካልተሰላ፣ ኤሌክትሪኩ ይበላል እንጂ አሞኒያው እንደ ገባ ይወጣል።

ትዕግሥትን ያስተማረኝ ግን ስሌቱ አይደለም። በአንድ ተቋም የነበረችን ማጣሪያ ከወራት ልፋት በኋላ አሞኒያዋ ወደ ዜሮ ተጠግቶ ደስ ብሎን ሳለ፣ አንድ ቀን ማለዳ ስደርስ የገንዳው ሽታ ተለውጦ አገኘሁት፤ ዝናብ የነካው መሬት የሚመስለው ጤነኛ ሽታ ጠፍቶ ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ተተክቷል። ለካ ማታ የወለል ማጽጃ በረኪና በጀሪካን ሙሉ ወደ ሽንት ቤቱ ተደፍቶ ኖሯል። ያፈሰሰውን ሠራተኛ ማን ይወቅሰዋል፤ ከቱቦው ጫፍ ላይ ሕይወት ያለው ነገር እንዳለ የነገረው ሰው አልነበረም። ምግብ በሊታዎቹ በሳምንት ውስጥ ተመለሱ፤ አሞኒያ ለዋጮቹ እስኪመለሱ ድረስ ግን ከአርባ ቀን በላይ ጠበቅን።

በአገራችን ይህ ትምህርት ከነጭራሹ አልተሞከረም ማለት ስሕተት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ሥዩም ለታ ከባልደረቦቻቸው ጋር የቆዳ ፋብሪካን ፍሳሽ፣ በናይትሮጅን ከከተማ ፍሳሽ እጅግ የከበደውን፣ አየር አልባውን ገንዳ አስቀድመው አየር ያለውን በማስከተል አጣርተው ውጤቱን በ2004 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። የአዲስ አበባው የቃሊቲ ፍሳሽ ማጣሪያም መጀመሪያ በቀን 7,600 ሜትር ኩብ ለመቀበል ከታቀዱት ኩሬዎች ተነሥቶ 100,000 ወደሚቀበል ጣቢያ አድጓል። ከአዲስ አበባ ወጣ ስንል ግን በአብዛኞቹ ከተሞቻችን ያለው ጉድጓዱና የመምጠጫ መኪናው ነው።

አንድ ዓመት ለፋሲካ አጋርፋ ወርጄ ስለ ሥራዬ ሳወራ፣ ስንዴ የሚያመርቱ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ዝም ብለው ካዳመጡኝ በኋላ በኦሮምኛ፣ «ልጄ፣ እኛ ዩሪያ ለመግዛት ስንሰለፍ እናንተ ይህን ሁሉ ለነፋስ ትሰጡታላችሁ?» አሉኝ። የመለስኩላቸው መልስ አልነበረኝም። በእኛ ዓይነት አመጋገብ አንድ ሰው በዓመት 2 ኪሎ ተኩል ያህል ናይትሮጅን ያስወጣል፤ የዩሪያ ማዳበሪያ 46 ከመቶው ናይትሮጅን ነውና፣ 10,000 ሰው ያላት ከተማ በየዓመቱ ከ500 ኩንታል በላይ ዩሪያ የሚተካ ሀብት ታፈስሳለች ማለት ነው። ዩሪያውን ከባሕር ማዶ በውጭ ምንዛሪ አስመጥተን ይህን በኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ነፋስ መመለስ፣ ለሐይቃቸውና ለባሕራቸው ለሚፈሩ ባለጸጎች አገሮች ይስማማ ይሆናል፤ ለአጋርፋና ለሲናና የስንዴ ማሳ ግን አይስማማም። ናይትሮጅናችን ወደ መሬት መመለስ አለበት የሚለው እምነቴ ከዚያ ቀን ወዲህ አልተናወጠም።

ነገር ግን ያው ውኃ ሌላም ነገር ተሸክሟል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ካርባማዜፒን በተለመደው ማጣሪያ ገብቶ ሳይነካ የሚወጣ ያህል ነው፤ የጸረ ተሕዋስያን መድኃኒቶችም ርዝራዥ፣ መድኃኒቱን የለመዱትም ጀርሞች ከዝቃጩ ጋር ወደ ማሳ ይሄዳሉ። በካናዳ አንድ ሐይቅ ውስጥ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብሎች ሆርሞን በሊትር ከ5 እስከ 6 ናኖግራም፣ ማለት የግራም ቢሊዮንኛ አምስት ስድስት እጅ ብቻ፣ ቢጨመር ወንዶቹ ዓሦች ባሕርያቸው ተለውጦ የአንዱ ዘር ዓሣ ነገድ ሊጠፋ እንደ ደረሰ በ2007 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ስዊዘርላንድ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተመረጡ ጣቢያዎቿ በኦዞን ወይም በከሰል የሚሠራ ተጨማሪ ማጣሪያ በሕግ አዝዛለች፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከእንዲህ ያለው ተጨማሪ ማጣሪያ ወጪ ቢያንስ 80 ከመቶውን መድኃኒትና የመዋቢያ ቅባት የሚሠሩት ድርጅቶች እንዲሸፍኑ ወስኗል።

እኛ ኦዞን የምንገዛበት ቀን ሩቅ ነው፤ ሆኖም በእጃችን ያለ ነገር አለ። አሞኒያውን ለመለወጥ ብለን ዝቃጩን በገንዳ ያቆየንበት ረጅም ጊዜ ራሱ እንደ አይቡፕሮፌን ያሉትን መድኃኒቶችና የሰውን የተፈጥሮ ሆርሞኖች አብሮ ይበላል፤ ከጥቂት ቀን ገንዳ ይልቅ የብዙ ቀን ገንዳ የምመርጠው ስለዚህም ጭምር ነው። ከማይበላው ከፊሉን ደግሞ ከመቀላቀሉ በፊት መለየት ይቻላል። የሆስፒታል ፍሳሽ ከከተማው ብዛት ጥቂት ነው፣ የሚሸከመው መድኃኒትና በረኪና ግን ብዙ ነው፤ ለብቻው ከተያዘ የቀረው የከተማ ዝቃጭ በጥሬው ለሚበላ ጎመንና ሰላጣ ሳይሆን ለስንዴና ለገብስ ማሳ ሊውል ይችላል፤ ከተቀላቀለ በኋላ ግን የሚለየው ጥበብ በአገራችን ዋጋ አይገኝም።

ወይብ ከባሌ ተራሮች ወርዶ በዲንሾና በአጋርፋ በኩል አልፎ፣ ከጎባ ቶጎናን ከሮቤም ሻያን ተቀብሎ፣ በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያም ወጥቶ በቆላው ለሚኖሩ እረኞችና ከብቶቻቸው መጠጥ እየሆነ ወደ ገናሌ ይወርዳል። ስለዚህ ለእነዚህ ከተሞች የፍሳሽ መስመር የምትነድፉ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ እርሳሱን ስታነሡ አስቀድማችሁ የሆስፒታሉን ቱቦ በሌላ ቀለም አስምሩት፤ እናንተም አንባብያን፣ በቤታችሁ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ካለ ወደ ሽንት ቤት አትጣሉት፣ ለጤና ጣቢያው ባለሙያ መልሱለት።