የጓዳ ዘመን አቆጣጠር

በሀገራችን የሕይወት ታሪክ ድርሰት ለብዙ ዘመን ያተኮረው በነገሥታት፣ በመሳፍንትና በጦር አበጋዞች ላይ እንደ ነበር አንባቢ ያውቃል። ሴት በዚያ ድርሰት ውስጥ ብትገኝ እንኳ ወይ ንግሥት ሆና ነው፣ ወይም የእገሌ እናት፣ የእገሌ ባለቤት ተብላ ነው። አይዳ እደማርያም በ2018 (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝኛ ያሳተመችው መጽሐፍ ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የሚስቲቱ ታሪክ» መሆኑም በመጀመሪያ ሲሰሙት ይህንኑ የቆየ ልማድ የሚያጸና ይመስላል። ገጾቹን የገለጠ ሰው ግን ርእሱ ምፀት ያዘለ መሆኑን ለመረዳት ብዙ አይቆይም።

ባለታሪኳ የደራሲዋ የአባቷ እናት ወይዘሮ የተመኙ ናቸው። ጎንደር ተወለዱ፤ ዐሥር ዓመት ሳይሞላቸው፣ ሃያ ዓመት ያህል ለሚበልጧቸው ካህንና ባለቅኔ ለአለቃ ጸጋ ተዳሩ። ልጅ ወለዱ፤ ልጅም ቀበሩ። የፋሺስት ኢጣሊያን ወረራ፣ የከተማቸውን በአውሮፕላን መደብደብና ስደትን አዩ። ባላቸው ሲታሰሩ ፍትሕ ፍለጋ ተንከራተቱ፤ መበለትም ሆኑ። የ1966ቱን አብዮትና ከዚያ በኋላ የመጣውን የእርስ በርስ ጦርነት አልፈው ዕድሜያቸው ከዘጠና ተሻገረ። መጽሐፉ የአንድን ቦታ መንፈስ አጉልቶ ለሚያሳይ ድርሰት በእንግሊዝ ሀገር የሚሰጠውን የኦንዳቺ ሽልማት በ2019 (እ.ኤ.አ.) ማግኘቱ ተገቢ ነው።

ይህን ጸሐፊ ከሁሉ በላይ የመሰጠው የድርጊቱ ብዛት ሳይሆን አወቃቀሩ ነው። ደራሲዋ ታሪኩን የምታስኬደው በወሮቻችን ስምና ዑደት ነው። መንግሥታት ይለዋወጣሉ፤ ጊዜው የሚለካው ግን በአጽዋማትና በበዓላት ነው። ይህ ለጌጥ የተደረገ ብልኃት አይደለም፤ ጓዳ ራሱ የሚመራው በዚሁ አቆጣጠር ነውና። ፋሲካ ሊደርስ ነው ሲባል ብቅሉ አስቀድሞ በቅሎ፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ መጠበቅ አለበት። ጌሾው ይወቀጣል፤ ጋኑ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል፤ ጥንስሱ ይጣላል፤ አሻሮው ይቆላል፤ ድፍድፉ ቀኑን ይጠብቃል። ይህ ሁሉ በጾም፣ በባዶ ሆድ፣ ሳይቀመስ የሚሠራ ነው። በበዓሉ ዕለት እንግዳው የሚያየው ዋንጫውን ብቻ ነው።

አለቃ ጸጋ ባለቅኔ ናቸው። ቅኔ በበዓል ይዘረፋል፤ ተማሪ ከአፍ ይቀበለዋል፤ መልካም ከሆነ ከነባለቤቱ ስም ሲነገር ይኖራል። ጠላ ግን ይጠጣና ያልቃል። ሁለቱም ለአንድ በዓል የተዘጋጁ፣ ሁለቱም ዓመታት የሚፈልጉ ሙያዎች ናቸው። (በአማርኛችን «ባለሙያ ናት» ብቻ ከተባለ ወጥ የምታውቅ ሴት ማለት መሆኑን ልብ ይሏል። ቋንቋው ከደራስያኑ ቀድሞ ፈርዷል።) የመጽሐፉ ትልቁ ቁም ነገር ሁለቱን ሙያዎች በአንድ ጣሪያ ሥር አስቀምጦ፣ ባለቅኔውን ሳያዋርድ ብርሃኑን ወደ ምድጃው ማዞሩ ነው።

ጉድለት የለበትም ማለት አይደለም። ደራሲዋ በአያቷ ልብ ውስጥ ገብታ ስለምትተርክ፣ ትዝታው የት አብቅቶ የልጅ ልጅ ምናብ የት እንደሚጀምር መለየት የሚያስቸግርባቸው ቦታዎች አሉ። ከዚህም የሚከብደው ሌላው ነው። በዚያ ዘመን በአለቆችና በሹማምንት ቤት እመቤት ብቻዋን አልሠራችም፤ የሚፈጩ፣ ውኃ የሚቀዱ፣ እንጨት የሚሸከሙ ሴቶች ነበሩ። ታሪኩ በአንዲት ሴት ዓይን የሚታይ ስለ ሆነ እነዚህ ከዳር ይቀራሉ። በደራሲዋ ላይ መፍረድ አይገባም፤ አያቷን ልትጽፍ ተነሣች፣ ጻፈች። የነዚያ የልጅ ልጆች ግን ብዕር ይዘው እስኪመጡ ድረስ የጓዳው ታሪክ ግማሽ ነው።

ቋንቋውም ያሳስባል። ወይዘሮ የተመኙ የተናገሩት በጎንደር አማርኛ ነው፤ ይህ ጸሐፊ ያነበበው በእንግሊዝኛ ነው። በየገጹ «ይህን በምን ቃል ብለውት ይሆን?» እያለ ሲያስብ ነበር። እንግሊዝኛው ውብ ነው፤ ግን የእርሳቸው አይደለም።

ሐያሲ ስለ ራሱ ማውራቱ ባይወደድም፣ መጽሐፉን ካነበብሁ በኋላ ያደረግሁትን ሳልናገር ብቀር ሂሱ እውነት አይሆንም። እናቴ ያረፈች ዕለት ማታ ዘመድ ተሰብስቦ፣ «አንተ ደራሲ አይደለህም? የሕይወት ታሪኳን አንተ ጻፈው» አለኝ። ጻፍሁ፤ በማግሥቱም ከቀብሩ በፊት ተነበበ። ጠላ ሸጣ ስድስት ልጆች አስተምራለች፤ ዩኒቨርሲቲ የገባሁትም በዚያው ገንዘብ ነው። በአርባው ቀን እኅቴ ልትጠነስስ ተነሥታ፣ «እማዬ ለአንድ ጋን ስንት ጌሾ ነበር የምታደርገው?» ብላ ጠየቀችን። ከወንድሞቼ አንድም የሚያውቅ አልነበረም። እኔም አላውቅም ነበር።

ሰሞኑን ያን ወረቀት ከመሳቢያ አውጥቼ ደግሜ አነበብሁት። አንድ ገጽ ተኩል ነው። የተወለደችበት ቀን አለ፤ የአባቴ ማዕርግ አለ፤ የስድስታችን የትምህርት ደረጃ በየተራ ተዘርዝሯል። እርሷን በሚመለከት «ደግ፣ እንግዳ ተቀባይና ትሑት ነበረች» ይላል። ጋን የሚል ቃል የለበትም።