በዓይንና በጆሮ መካከል

አንድ ተራ ባለ ሰንበር የቤት ድመት ፊቱን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ግንባሩ ላይ ጥቋቁር መስመሮች ቁልቁል ይወርዳሉ፤ ከዓይኑ ጥግ የተነሳ ሌላ መስመር ደግሞ ጉንጩን አቋርጦ ወደ አንገቱ ይሸሻል። በዓይኑና በጆሮው መካከል ያለችው ቦታ ግን አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ናት። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ ላይ ካሊፎርኒያ ውስጥ ጁዲ ሰግደን የተባሉ ሴት፣ ሻርፕ ሹተር ብለው በሰየሙት ድመታቸው ላይ በዚያች ባዶ ቦታ ሁለት ነጠብጣቦች አዩ። ሌላ ሰው ቢሆን አያስተውላቸውም፤ ቢያስተውላቸውም እስከ ማታ ይረሳቸዋል። ጁዲ ሰግደን ግን በሙያቸው አርክቴክት ናቸው። በሁለቱ ነጠብጣቦች የታይገር ፊት መሠረት ታያቸው።

በአማርኛችን ታይገሩንም ሌላውንም ነብር ማለት ስለሚቀናን እዚህ ላይ ልለያቸው፤ ባለ ሰንበሩን ታይገር፣ ዥንጉርጉሩን ነብር እላለሁ። የታይገር ፊት ላይ መስመሮቹ እንደ ድመት ከፊት ወደ ኋላ አይሮጡም፤ ጉንጩንና ግንባሩን እየዞሩ ፊቱን በክብ ያቅፉታል። ክቡ እንዲሞላ ደግሞ ያቺ ባዶ ቦታ ቀለም መያዝ አለባት። ሁለት ነጠብጣብ ካለ ከትውልድ ትውልድ እየተመረጠ ወደ ቅስት ሊሳብ ይችላል። ምንም ከሌለ የሚሳብ ነገር የለም።

ይህን የሚያህል ዓይን ከእናት የሚወረስ ከሆነ ጁዲ ሰግደን ወርሰዋል። እናታቸው ጂን ሚል ቤንጋል የተባለውን የድመት ዝርያ ያስገኙ ሴት ናቸው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከእስያ የመጣች የዱር ድመት ነበረቻቸው፤ በቁመት ከቤት ድመት ብዙም የማትበልጥ፣ ፀጉሯ ግን የነብር የሆነ። ብቻዋን እንዳትሆን ብለው አንድ ጥቁር አውራ ድመት አብሯት እንዲኖር አደረጉ። የሁለቱ የዘር ሐረግ ከተለያየ 6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ስለሆነው ይዋለዳሉ ብሎ የጠበቀ አልነበረም። በ1963 ግን ኪን ኪን ተወለደች። ብዙ ሳይቆይ የጂን ባለቤት ሞቱ፤ ሥራውም ከ10 ዓመት በላይ ቆመ።

እንደገና የተጀመረው በ1980 ነው። ዊላርድ ሴንተርዎል የተባሉ ሐኪም የድመቶችን የደም ካንሰር ለማጥናት ሲሉ የዱሯን ድመት ከቤት ድመት ጋር ያዳቅሉ ነበር። ለምርመራ የሚያስፈልገው ደም ከተወሰደ በኋላ ድቅሎቹ ቤት ይፈልጋሉ። ጂን ሚል ከነዚህ ወሰዱ። በዚያን ዘመን የነብር ቆዳ ካፖርት ለብሶ መታየት ክብር ነበር፤ ሰው ቤቱ ያለችውን ድመት የሚመስል ቆዳ መልበስ ይከብደዋል ብለው ያምኑ ነበር። እኔ ይህን እምነታቸውን ከልቤ እወደዋለሁ። አንድን ውበት በማባዛት ባለቤቱን ከሞት ማዳን ይቻላል ብሎ መነሳት ትልቅ ነገር ነው።

ሥራው ግን ከባድ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ትውልዶች ወንዶች መካኖች ናቸው፤ የሚወልዱት ሴቶቹ ብቻ ስለሆኑ በየትውልዱ አባት የሚሆን የቤት ድመት መገኘት አለበት። አባቱ ተራ ከሆነ ደግሞ ከዱር የመጣው ጌጥ በሁለት በሦስት ትውልድ ይደበዝዛል። ጂን ሚል የፈለጉትን ያገኙት ሕንድ ውስጥ፣ በኒው ዴልሂ የአራዊት ማቆያ፣ በአውራሪሶች አጥር ግቢ ነው። ባለቤት የሌለው፣ በዚያ ሲንከራተት የሚኖር ብርቱካናማ ድመት ነበር፤ ገላው ላይ ጥቁር ቡናማ ነጠብጣብ የተዘራበት። ቶሪ ተብሎ ወደ አሜሪካ ሄደ።

ከቶሪ የመጣው ስጦታ በጥላ ውስጥ አይታይም። ቤንጋልን ፀሐይ ላይ አውጥታችሁ ከጎን ስታዩት የእያንዳንዱ ፀጉር ጫፍ የወርቅ ብናኝ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ድመቱ ሲተነፍስ ብርሃኑ ጎኑ ላይ ይሄዳል። ፀጉሩ አጭርና ልሙጥ ነው፤ እጅ ሲያርፍበት እንደ ሐር ያንሸራትታል። ነጠብጣቦቹንም ስታዩ አንድ ወጥ ጥቁር ጠብታዎች አይደሉም። መካከላቸው የዝገት ቀለም አለው፤ ዙሪያቸው በጥቁር ተከቧል፤ ክቡ ደግሞ በአንድ በኩል ክፍት ነው፤ ልክ እንደ ነብሩ። አደራደራቸው ላይ ነው ትልቁ ድካም ያለው። የቤት ድመት ጌጥ በተፈጥሮው ከጀርባ ወደ ሆድ ቁልቁል መሰለፍ ይወዳል። የቤንጋል አርቢ ያንን ሰልፍ ሲያፈርስ ይኖራል፤ ነጠብጣቦቹ እንዲበተኑ ወይም ከትከሻ ወደ ጭራ በአግድም እንዲፈሱ።

ይህ ደግሞ ትዕግሥት ይጠይቃል። የቤንጋል ግልገል በተወለደ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ረዥም ግራጫ ለስላሳ ፀጉር ይሸፍነዋል፤ ጌጡ በጉም ውስጥ ይገባል። እንደገና ጠርቶ የሚወጣው ወራት ቆይቶ ነው። አርቢው በዚያ ጉም መካከል የትኛውን እንደሚያስቀር መወሰን አለበት።

በ2024 የታተመ ጥናት ከ900 በላይ የቤንጋል ድመቶችን ዘረመል መርምሮ ነበር። ከዱሯ ድመት የቀረው ድርሻ በአማካይ 3.5 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ዱር ዱር የሚሸተው መልክ በአብዛኛው የተሠራው በቤት ድመት ውስጥ ቀድሞ ከነበረ ነገር ነው፤ የወርቁ ብልጭታም ቢሆን ከቤት ድመት የመጣ ነው። ይህን ሳነብ ለጂን ሚል ያለኝ አድናቆት ጨመረ። የዱሯ ድመት ምን ዓይነት መልክ እንደሚፈለግ አሳየች፤ መልኩ የወጣው ግን መንገድ ላይ ከምናልፋቸው ድመቶች ውስጥ እየተለቀመ ነው።

አርቢዎች እንዲህ የሚለቅሙት ጌጥ የሚነደፈው በእናት ማኅፀን፣ ፀጉር ከመብቀሉ በፊት ነው። የፅንሱ ቆዳ ቦታ ቦታውን ይወፍራል፤ ጥቁሩ የት እንደሚያርፍ ያኔ ይለያል። በአገራችን የቀድሞ ስም የሚጠራው የአቢሲኒያ ድመት ገላው ላይ ሰንበር የማይታየው፣ ይህን ንድፍ ከሚመሩት ዘረመሎች አንዱ ስለተለወጠበት ነው።

ጁዲ ሰግደን እናታቸው ሊያጠፉት የታገሉትን ቁልቁል መስመር መልሰው አነሱት። እንደ ማበጠሪያ ጥርስ እኩል የተሰለፈ መስመር ግን አልፈለጉም። የታይገር ሰንበር ይወፍራል፣ ይቀጥናል፣ መንገድ ላይ ለሁለት ይከፈላል፣ ተመልሶ ይጎነጎናል። የእንግሊዝኛው የባለ ሰንበር ድመት መጠሪያ የመጣው በባግዳድ አንድ ሰፈር ይሸመን ከነበረ ባለ መስመር ሐር ነው። ሸማኔ የተሰበረ ጥለት ሲያይ ይፈታዋል፤ እዚህ ግን ስብራቱ ነው የሚፈለገው።

በ1993 ከካሽሚር አንድ የጎዳና ድመት አስመጡ። ጃሙ ብሉ ይባላል፤ በሁለት ጆሮዎቹ መካከል በመስመር ፈንታ ነጠብጣብ ነበረው። እንደገና ያው ዓይን፣ እንደገና ማንም የማይመለከተው ቦታ። ቶይገር የተባለው ዝርያቸው በዚያው ዓመት ተመዘገበ፤ በ2007 ከሌሎቹ ዝርያዎች ጋር ለሽልማት እንዲወዳደር ተፈቀደለት።

ዛሬ አንድ ጥሩ ቶይገር ሲራመድ አጥንተ ወፍራም ነው፤ ገላው ረዥም፣ ደረቱ ጥልቅ፣ ትከሻው በየእርምጃው ከፍ ዝቅ የሚል። መደቡ ብርቱካናማ ነው፤ የጭራው ጫፍ ጥቁር። ሆዱ እንዲነጣ፣ ጆሮው እንዲያንስና እንዲከብ ገና እየተሠራ ነው። ፊቱን ወደ እናንተ ሲያዞር ቅስቱ ከዓይኑ በላይ፣ ሁለቱ ነጠብጣቦች ከነበሩበት ቦታ ተነስቶ በጉንጩ በኩል ወደ አገጩ ይወርዳል። በብዙዎቹ ላይ ክቡ ዙሪያውን አልገጠመም፤ ከጆሮው ሥር ጣት የምታህል ክፍተት ትቀራለች።